የደከመ አፈር ሐኪም፦ የጆርጅ ዋሺንግተን ካርቨር ሕይወት

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ አፈር ስንማር አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያነሳው ጥያቄ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ከክፍላችን ጀርባ ለአትክልቱ ቦታ የሚሆን የብስባሽ ጉድጓድ እንቆፍር ባልኩ ጊዜ እጁን አወጣና፣ መሬቱ የእኛ ሳይሆን፣ ነገም የት እንደምንሆን ሳናውቅ የሰው አፈር ለምን እንደምናደልብ ጠየቀኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን የሳቅሁት መልስ ስላጣሁ ነበር። ማታ መጠለያዬ ገብቼ ሳሰላስል አንድ ሰው ትዝ አሉኝ። ስለ እኚህ ሰው መጀመሪያ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። ትምህርቴን ሳልጨርስ ከዚያ ብወጣም የእርሳቸው ታሪክ ግን አብሮኝ ወጥቷል። ስለዚህ በዚህ ዕትም የጥቁር አሜሪካዊውን የእርሻ ሊቅ የጆርጅ ዋሺንግተን ካርቨርን ሕይወት አቀርብላችኋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ጆርጅ የተወለደው በ1864 ገደማ ነው። ገደማ ያልኩት ትክክለኛውን ቀን እርሱ ራሱም ስለማያውቀው ነው። ባሪያ ሆኖ ለተወለደ ልጅ የልደት ቀን የሚመዘግብለት አልነበረም። (በመመዝገቢያ ወረቀታችን ላይ ሁላችንም ጃንዋሪ 1 ቀን የተወለድን የምንመስል ሰዎች ይህ አይገርመንም።) የተወለደበት ስፍራ በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት፣ ዳይመንድ ግሮቭ በምትባል መንደር አጠገብ የሚገኝ የሞዘስ ካርቨር እርሻ ነው። እናቱ ሜሪ የእነዚህ የካርቨር ባልና ሚስት ባሪያ ነበረች። አባቱ ደግሞ በአጎራባች እርሻ ያለ ባሪያ እንደነበረና ጆርጅ ገና ሳይወለድ ወይም እንደተወለደ በአደጋ እንደሞተ ይነገራል።

ጊዜው ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ እርስ በርስ የሚዋጉበት ነበር። ሚዙሪ በሁለቱ መካከል ስለነበረች ሽፍቶች በሌሊት እየመጡ ባሪያ ይሰርቁና ወደ ደቡብ ወስደው ይሸጡ ነበር። አንድ ሌሊት ወደ ሞዘስ ካርቨር እርሻ መጡና ሜሪን ከነሕፃኑ ወሰዷት። ሞዘስ ሰው ላከ። የተላከው ሰው ይዞ የተመለሰው ግን በትክትክ ሳል ሊሞት የደረሰውን ሕፃን ብቻ ነው። ሞዘስም ለሰውየው ውለታ አንድ የእሽቅድምድም ፈረስ ሰጠው ይባላል። የሜሪ ነገር ከዚያ በኋላ አልተሰማም። ጆርጅ ዕድሜውን ሁሉ ስለ እናቱ ያወቀው ሰዎች የነገሩትን ያህል ብቻ ነበር።

ባርነት በ1865 በሕግ ሲቀር ሞዘስና ሚስቱ ሱዛን ጆርጅንና ታላቅ ወንድሙን ጂምን እንደ ልጆቻቸው አሳደጓቸው። ጂም ጠንካራ ስለነበረ እርሻ ዋለ። ጆርጅ ግን ከሕመሙ በደንብ ስላላገገመ፣ ድምፁም እንደ ሴት ልጅ ቀጭን ሆኖ ስለቀረ፣ ቤት ውስጥ ከሱዛን ጋር ዋለ። ልብስ ማጠብ፣ መተኮስ፣ መስፋት፣ ምግብ ማብሰል ተማረ። ይህ የሴት ሥራ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ ትንሽ ይታገስ፤ ይህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በዚህ ሙያ ነው። ትርፍ ጊዜ ሲያገኝ ጫካ ይገባና አበባና ቅጠል ይሰበስባል። የጎረቤት ሰዎች የታመመ ተክል ሲኖራቸው ይጠሩታል፤ አፈሩን ይነካካል፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ ያዛውራል፣ የደረቀውን ይቆርጣል፤ ተክሉም ይድናል። ገና ልጅ ሳለ የአበባ ሐኪም የሚል ስም ወጣለት።

በመንደሩ የነበረው ትምህርት ቤት ጥቁር ልጆችን አይቀበልም ነበር። የጥቁሮች ትምህርት ቤት ያለው 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በኒዮሾ ከተማ ነው። ጆርጅ 12 ወይም 13 ዓመት ሲሆነው ብቻውን በእግሩ ሄደ። ሲደርስ መሽቶ ስለነበር በአንድ ጋጣ ውስጥ ተኛ። ጠዋት የጋጣው ባለቤት ማርያ ዋትኪንስ አገኙት። ልብስ እያጠቡ፣ ሴቶችን እያዋለዱ የሚተዳደሩ ጥቁር ሴት ነበሩ። ስሙን ሲጠይቁት የካርቨር ጆርጅ አላቸው፤ የዚያን ጊዜ ባሪያ የሚጠራው በጌታው ስም ነበርና። እሳቸው ግን ሰው እንጂ ዕቃ ስላልሆነ ከእንግዲህ ጆርጅ ካርቨር መባል እንዳለበት ነገሩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሙ ይህ ሆነ። ከእሳቸው ጋር እየኖረ፣ በእረፍት ሰዓት እየሮጠ ቤት ገብቶ ልብስ እያጠበ ተማረ።

የመምህሩ ዕውቀት ሲያልቅበት ወደ ካንሳስ ግዛት ተሻገረ። በ1879 ፎርት ስኮት በምትባል ከተማ ሳለ ነጮች ተሰብስበው አንድ ጥቁር ሰው ያለፍርድ ሲገድሉ በዓይኑ አየ። ወዲያው ከተማዋን ለቆ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ፣ በደረሰበት ልብስ እያጠበና ምግብ እያበሰለ ትምህርቱን ቀጠለ። በአንዲት ከተማ ሌላ ጆርጅ ካርቨር የሚባል ሰው ነበረና ደብዳቤያቸው እየተምታታ ቢያስቸግር በስሙ መካከል አንድ ፊደል ጨመረ። ዋሺንግተን የሚለው ስም የመጣው ከዚያች ፊደል ነው።

ሁለተኛ ደረጃውን እንደጨረሰ ሃይላንድ ለሚባል ኮሌጅ በፖስታ አመለከተ፤ ኮሌጁም ተቀበለው። በ1885 ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲደርስ ግን ጥቁር መሆኑን አዩና መለሱት። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከእናንተ መካከል የማመልከቻውን ፎርም ሞልቶ፣ ፈተናውን አልፎ፣ በር ላይ በሌላ ምክንያት የተመለሰ ወንድም ወይም እህት ያለው ይኖራል። ጆርጅ ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት ያህል ኮሌጅ የሚባል ነገር አልሞከረም። በምዕራብ ካንሳስ ከመንግሥት 160 ኤከር (65 ሄክታር ያህል) መሬት ወስዶ፣ እንጨት በሌለበት ሜዳ ላይ ከነሣሩ በተቆረጠ አፈር ቤት ሠርቶ፣ ሰባት ሄክታር ያህሉን በገዛ እጁ አረሰ። ድርቁና የበረዶ ውሽንፍሩ ሲጠናበት ተወው። የታሪክ መጻሕፍት ይህን ዘመን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ እኔ ግን ገበሬ ሰብሉ ሲደርቅበት ምን እንደሚሰማው የተማረው እዚያ ይመስለኛል።

በ1890 በአይዋ ግዛት ሲምሰን ኮሌጅ ገባ። ያጠና የነበረው ሥዕልና ፒያኖ ነው። የትምህርት ቤቱን ክፍያ ሲከፍል እጁ ባዶ ስለቀረ በዱቤ የልብስ ማጠቢያ ገንዳና ሳሙና ገዝቶ የተማሪዎችን ልብስ ማጠብ ጀመረ። የሥዕል መምህርቱ ኤታ በድ ዕፀዋትን እንዴት አሳምሮ እንደሚሥል አዩ፤ ነገር ግን ጥቁር ሰው በሥዕል እንጀራ ይበላል ብለው አላመኑም። አባታቸው በአይዋ የእርሻ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ስለነበሩ ወደዚያ ላኩት። በ1891 ገባ፤ በኮሌጁ የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪም ሆነ። መጀመሪያ ላይ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በአንድ አዳራሽ እንዲበላ አልተፈቀደለትም ነበር። በ1894 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1896 ደግሞ የማስተርስ ዲግሪውን አገኘ። የሠለጠነው በዕፀዋትና ተክልን በሚያጠቁ የሻጋታ በሽታዎች ጥናት ነው። በዚያው ኮሌጅ እንዲያስተምርም ተደረገ። ያለ ጥርጥር እዚያው ቢቆይ ኑሮው የተደላደለ ይሆን ነበር።

በዚያው ዓመት ከአላባማ ግዛት ደብዳቤ መጣለት። ላኪው የተስኪጊ ትምህርት ቤት መሥራችና ዲሬክተር ቡከር ዋሺንግተን ናቸው። እሳቸውም ባሪያ ሆነው የተወለዱ ሲሆኑ፣ ትምህርት ቤቱን በ1881 የከፈቱት ለጥቁሮች ነው። የእርሻ ክፍሉን የሚመራ ሰው ፈልገው ነበር። ጆርጅ ተስማማና ወደ ደቡብ ወረደ። እስካሁን ልጅና ተማሪ ስለነበረ በአንተታ ጠርቼዋለሁ። ከዚህ በኋላ ግን መምህር ናቸውና አንቱ እላቸዋለሁ።

ፕሮፌሰር ካርቨር በባቡር መስኮት ያዩት አገር አስደነገጣቸው። ዓይን እስከሚያይ ድረስ ጥጥ ብቻ ነበር። ጥጡም የቀጨጨ፣ አፈሩም በጎርፍ የተቦረቦረ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ጥጥ ከአፈር ውስጥ ምግብ ይወስዳል። በየዓመቱ ያንኑ ጥጥ በዚያው ማሳ ላይ የሚዘራ ሰው ከአንድ ጎተራ ሳይሞላ ሁልጊዜ እንደሚያወጣ ነው። ታዲያ ገበሬው ለምን ሌላ አይዘራም? መሬቱ የእርሱ ስላልሆነ ነው። ባርነት ቀረ እንጂ መሬቱ ከድሮዎቹ ጌቶች እጅ አልወጣም። ነፃ የወጣው ጥቁር እኩል አራሽ ሆነ። አያቶቻችን ጭሰኛ የሚሉት ዓይነት ነው። ዘሩን፣ በሬውን፣ የሚበላውን ዱቄት ሳይቀር ከባለመሬቱ ወይም ከነጋዴው በዱቤ ይወስዳል። ጥጡ ሲለቀም ድርሻው ለዕዳው አይበቃም፤ ለሚቀጥለውም ዓመት እንደገና ይበደራል። አበዳሪው የሚፈልገው ደግሞ ወዲያው በገንዘብ የሚለወጠውን ጥጥ ብቻ ነው፤ ጥጥ እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ይዘራል። ጎመን እንኳ የሚተከልበት ቦታ የሌለው ቤት ብዙ ነበር። በከረጢት የሚሸጥ ማዳበሪያ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ነበረ። የሚገዛውም በዱቤ ነበር፤ ስለዚህ ዕዳው ላይ ዕዳ ይጨምራል።

የተሰጣቸው ቤተ ሙከራ ክፍል ብቻ እንጂ ዕቃ አልነበረውም። ፕሮፌሰሩ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ከተማው የቆሻሻ መጣያ ሄዱ። የተሰበረ ጠርሙስ፣ ክዳን፣ ሽቦ፣ አሮጌ ድስት ሰበሰቡ። የቀለም ጠርሙስ የመንፈስ መብራት ሆነ፤ የተሰነጠቀ ሲኒም የመውቀጫ ሥራ ሠራ። ይህን የምነግራችሁ ለመሳቂያ አይደለም። የእኛም የሳይንስ ክፍል ሚዛን ከሁለት የዘይት ቆርቆሮ ክዳን የተሠራ መሆኑን ታውቃላችሁ።

በ1897 የአላባማ ምክር ቤት በተስኪጊ የእርሻ ምርምር ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀደና በዓመት 1,500 ዶላር መደበ። በዚህ ገንዘብ ትልልቅ ጣቢያዎች የሚሠሩትን መሥራት አይቻልም። ካርቨር ግን ገንዘቡ ቢኖር እንኳ ገበሬው የማይደርስበትን ነገር መመራመር ምን ይጠቅማል ብለው ያምኑ ነበር። የመረጡት ጥያቄ ይህ ነበር፦ አንድ በቅሎ ብቻ ያለው፣ ሳንቲም የሌለው ሰው የደከመውን አፈር በምን ያድነው?

መልሱን በሁለት በኩል ፈለጉ። አንደኛው በተክል ነው። እንደ ኦቾሎኒና የላም አተር ያሉ ጥራጥሬዎች በሥራቸው ላይ ትናንሽ እባጮች አሏቸው። በእባጮቹ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን የሚባለውን ለተክል የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ከአየር ወስደው ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችለው ዓይነት ይለውጡታል። ባቄላና አተር የተዘራበት ማሳ በዓመቱ ስንዴውን ያሳምረዋል ብለው አባቶቻችን የሚያውቁትን ነገር ሳይንስ ምክንያቱን ሰጠው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ዓመት ጥጥ፣ በሚቀጥለው ጥራጥሬ ወይም ስኳር ድንች እያፈራረቁ መዝራትን አስተማሩ።

ሁለተኛው እኛን በቀጥታ የሚመለከተው ነው፤ የሚጣለውን ነገር ወደ ማዳበሪያ መለወጥ። ካርቨር ተማሪዎቻቸውን ወደ ጫካ እየላኩ የረገፈ ቅጠል፣ ወደ ረግረጉ እየላኩ ጥቁር ጭቃ በጋሪ አስመጥተው በጣቢያው ማሳ ላይ አለበሱት። ገበሬው ዘወትር የሚያቃጥለው ገለባና አገዳ፣ ከጋጣ የሚጠረገው ፍግ፣ ከአጥር ጥግ የሚከማቸው ጥራጊ ሁሉ ምግብ እንደሆነ አሳዩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከማገር እንጨት እንደ በረት ያለ አጥር ይሠራል። ከሥር ሁለት ጋሪ ቅጠልና ጥራጊ ይነጠፋል፤ በላዩ አንድ ጋሪ ፍግ ይደረጋል፤ እንደገና ሁለት ጋሪ ቅጠል፣ አንድ ጋሪ ፍግ፣ እንዲህ እያለ በረቱ እስኪሞላ ይቀጥላል። በላዩ ዝናብ የሚመልስ ተራ ዳስ ይጣልበታል። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ እንዲበሰብስ ይተዋል፤ በመዝሪያው ወራት ወደ ማሳው ይጫናል።

ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ጠይቁ። ቅጠሉን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ናቸው። ደረቅ ቅጠል ለእነሱ ኃይል ይሰጣል እንጂ ናይትሮጅኑ ትንሽ ስለሆነ ብቻውን ቢከመር ሥራው ይጓተታል። ፍጉ የጎደለውን ናይትሮጅን ይሞላል። ፍጉ ብቻውን ቢከመር ደግሞ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይተንና የሚሸት ነገር ይሆናል። ሁለቱ ሲደራረቡ ክምሩ ከውስጥ ይሞቃል። እጅ አስገብታችሁ ብትሞክሩ ይታወቃችኋል። ዳሱ ያስፈለገው የዝናብ ውኃ የሚሟሟውን ንጥረ ነገር ይዞት እንዳይወርድ ነው። እንደ እኛ ባለ ደረቅ ቦታ ግን ጭንቀቱ ተቃራኒ ነው፤ እርጥበቱ እንዳይተን ነው ክዳን የምናደርገው። ስለዚህም በረት ሳይሆን ጉድጓድ እንመርጣለን። ከፋብሪካ የሚመጣው ማዳበሪያ ለተክሉ ምግብ ይሰጣል፤ ብስባሽ ግን ከዚያ በላይ አፈሩን ራሱን ይለውጣል። አሸዋማው ውኃ እንዲይዝ፣ ሸክላማው እንዲላላ ያደርጋል።

ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ለማያነብ ገበሬ ማድረስ ሌላ ነው። ካርቨር ከመጡ በዓመቱ በ1897 በየወሩ ገበሬዎች የሚሰበሰቡበት ጉባኤ ጀመሩ። ገበሬው ያመረተውን ይዞ ይመጣል፣ የጣቢያውን ማሳ ያያል፣ ይጠይቃል። ከ1898 ጀምሮ ደግሞ ትንንሽ መጽሔቶች ማሳተም ያዙ። እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ 44 ያህል ወጥተዋል። የመጀመሪያው ከዛፍ ሥር በነፃ የሚለቀመውን የኦክ ፍሬ ለከብትና ለአሳማ ስለመቀለብ ነበር። በ1905 የወጣው ስለ ተዳከመ አፈር አገጋገም ይናገራል። ጽሑፎቹ ለገበሬው፣ ለመምህሩና ለቤት እመቤቷ እንዲገቡ ተደርገው ቀላል ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። እኔ ይህን ገጽ ስጽፍ ያንን ለመምሰል እሞክራለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካልኝም።

ወደ ጉባኤው የማይመጣው ግን ብዙ ነበር። በቅሎው ለእርሻ ይፈለጋል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ የሚለበስ ልብስም የለም። ካርቨር ቅዳሜና እሑድ በጋሪ እየዞሩ ያስተምሩ ነበር። ኋላ ላይ ትምህርት ቤቱ ለምን ራሱ ወደ ገበሬው አይሄድም የሚለው ሐሳብ በዲሬክተሩ ዘንድ ጠነከረ፤ ካርቨር የጋሪውን ንድፍ አወጡ። ሞሪስ ጄሰፕ የሚባሉ የኒው ዮርክ ባለ ባንክ ገንዘብ ሰጡ። በሜይ 1906 በበቅሎ የሚሳብ፣ ጎኖቹ ሲከፈቱ እንደ መድረክ የሚሆን ሠረገላ ከተስኪጊ ወጣ። በላዩ ማረሻ፣ መከስከሻ፣ የወተት መናጫ፣ የክሬም መለያ፣ ዘርና የማዳበሪያ ናሙና ተጭኖበታል። ሠረገላው ሰው በሚሰበሰብበት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በመስቀለኛ መንገድ፣ በአንዱ ገበሬ ማሳ ጠርዝ ይቆማል። ከዚያ ንግግር ብዙ የለም፤ ማሳው ይታረሳል፣ ዘሩ ይዘራል፣ ወተቱ ይናጣል። በመጀመሪያው የበጋ ወራት በወር 2,000 ያህል ሰው እንደተዳረሰ ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት በኖቬምበር የካርቨር ተማሪ የነበረው ቶማስ ካምቤል ሠረገላውን ይዞ እንዲዞር በአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፤ ይህን ሥራ ከያዙ ጥቁሮችም የመጀመሪያው ሆነ። እኛ አገር የልማት ሠራተኛ እንደሚባለው ዓይነት ማለት ነው። በ1918 ሠረገላው በመኪና ተተካ።

አሁን ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንመለስ፤ ምክንያቱም ያንኑ ጥያቄ የአላባማ እኩል አራሾችም ነበራቸው። በየዓመቱ መጨረሻ ከማሳው ሊነሳ የሚችል ሰው የዛሬ ሦስት ዓመት ለሚደልብ አፈር ለምን ይደክማል? ማሳው ቢያምርስ ባለመሬቱ ኪራዩን ከፍ ቢያደርግበት ምን ይላል? እውነቱን ለመናገር ካርቨር ለዚህ የተሟላ መልስ አልነበራቸውም። የመሬቱን ሥርዓት ለመለወጥ የታገሉ ሰው አልነበሩም፤ በዚህም ብዙ ሰዎች ይወቅሷቸዋል። ወቀሳው እኔም ትክክል ይመስለኛል። ምክራቸውን ሙሉ በሙሉ የሠሩበት በአብዛኛው ትንሽም ብትሆን የራሳቸው መሬት የነበራቸው ናቸው። ያለ መሬት ለቀረው ግን የሚያስተምሩት ሌላ ነገር ፈለጉ። ከደጃፍ ያለች ስፋቷ የአልጋ ያህል የሆነች የጎመን መደብ የባለመሬቱ ሒሳብ ውስጥ አትገባም፤ ብስባሹም ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ በዚያችው መደብ ይበላል። ከጫካ የሚለቀም የዱር ጎመን ኪራይ የለውም። በ1911 ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ በአካባቢው ካለ ባለ ቀለም ሸክላ አፈር የቤት ቀለም እንዴት እንደሚሠራ አሳዩ፤ ቀለም መግዣ የሌለው ሰው የጎጆውን ግድግዳ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ እንዲቀባ ነው። ይህን ስታነቡ በእኛ መንደር ጭቃውን በአመድ እየለሰኑ በየበዓሉ የሚያስጌጡት እናቶች ትዝ እንደሚሏችሁ እገምታለሁ።

ሰው ናቸውና ጉድለትም ነበረባቸው። የቢሮ ሥራ አይሆንላቸውም ነበር። የትምህርት ቤቱ የዶሮ እርባታ በእርሳቸው ኃላፊነት ሥር ሆኖ ሲበላሽ፣ ሪፖርቱም ከእውነታው ጋር አልገጥም ሲል ከዲሬክተሩ ጋር ተጣሉ። የሥራ መልቀቂያ እጽፋለሁ ብለው ያስፈራሩት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ሳይግባቡ፣ ሳይለያዩም ዲሬክተሩ በ1915 እስኪሞቱ ድረስ አብረው ሠሩ።

ዓለም ያወቃቸው ግን በኦቾሎኒ ነው። የጥጥን ፍሬ የሚበላው ነቀዝ ከሜክሲኮ ተነስቶ በ1910 ገደማ አላባማ ሲደርስ ጥጥ ብቻ የዘራው ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ኦቾሎኒ የዘሩት ደግሞ ምርቱን የት እንሽጠው አሉ። ካርቨር በ1916 ኦቾሎኒ እንዴት እንደሚበቅልና በ105 ዓይነት እንዴት ለምግብ እንደሚዘጋጅ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጡ። በ1921 ዋሺንግተን ከተማ ተጠርተው በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ስለ ኦቾሎኒ ቀረጥ ቀረቡ። የተሰጣቸው 10 ደቂቃ ነበር። መጀመሪያ የቀለዱባቸው የምክር ቤት አባላት እየሰሙ ሲሄዱ የፈለጉትን ያህል እንዲናገሩ ፈቀዱላቸው። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ስማቸው በጋዜጣ ሁሉ ናኘ። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ላርም፤ በብዙ መጻሕፍት ውስጥ የኦቾሎኒ ቅቤን የፈጠሩት ካርቨር ናቸው ይባላል። አይደሉም። ከእርሳቸው በፊት ነበረ። የፈጠሯቸው ከተባሉት ብዙ ዕቃዎችም ፋብሪካ የገቡት ጥቂት ናቸው። ለእኔ ትልቁ ሥራቸው ከበቅሎው ሠረገላና ከቅጠሉ ክምር ጋር ያለው ነው፤ ጋዜጣው ግን የቅጠል ክምር ፎቶግራፍ አያነሳም።

አላገቡም፤ ልጅም አልነበራቸውም። የሚለብሱት ያረጀ ኮት ነበር፤ በደረቱ ላይ ግን ሁልጊዜ አዲስ አበባ ይሰካሉ። ደመወዛቸውን ሳይነኩ ያስቀመጡት ቀስ እያለ ተጠራቀመ። በ1940 ገንዘቡን በስማቸው ለሚቋቋም የምርምር ድርጅት መስጠት ጀመሩ፤ ሲሞቱም የቀረው ተጨመረ፤ በጠቅላላው 60,000 ዶላር ያህል ነበር። በጃንዋሪ 5 ቀን 1943 ከደረጃ ላይ ወድቀው በደረሰባቸው ጉዳት ምክንያት አረፉ። በተስኪጊ ከቡከር ዋሺንግተን መቃብር አጠገብ ተቀበሩ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ሽፍቶች ከእናቱ ጋር የወሰዱት ሕፃን የተወለደበትን እርሻ ብሔራዊ መታሰቢያ አደረገው፤ ለጥቁር አሜሪካዊ ሲደረግ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጠያቂውን ተማሪ ይህን ታሪክ ከነገርኩት በኋላ አገኘሁት። አሳመንኩት ለማለት አልደፍርም፤ ራሱን ነቀነቀና ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቀኝ። አንድ ሜትር ስፋት፣ አንድ ሜትር ጥልቀት፣ ሁለት ሜትር ርዝመት ነው። ከገበያ የሙዝ ልጣጭና የጎመን ግንድ፣ ከመንገድ ዳር የፍየል ፍግ፣ ከየቤቱ ጥቂት የምድጃ አመድ እንፈልጋለን። ፕላስቲክ፣ ባትሪና የተሰበረ ጠርሙስ እንዳይገባ አደራ። የእጅ ማጠቢያ ውኃችሁን በላዩ ድፉት፤ የሳሙና አረፋ የበዛበትን ግን ተዉት። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ እናገላብጠዋለን። ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍሎች አካፋ ያለው ከቤተሰቡ አስፈቅዶ ይዞ ይምጣ፤ የሌለው የቆርቆሮ ቁራጭ ይበቃዋል።